ሳይቃጠል በቅጠል፤ አሮጌዋ መኪናችን ስንት ትሸከማለች?

በጋዜጣችን ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ አገራችን ጉዳይ፣ ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት፣ ስለ ልጆቻችን ቋንቋ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ጎማና ስለ ቸርኬ ነው። «ስለ ጎማ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ?» የሚል አይጠፋም። እኔም እ.ኤ.አ. እስከ ነሐሴ 2023 ድረስ እንዲሁ እል ነበር። ዛሬ ግን አሮጌ መኪና ገዝቶ እንጀራውን ለማብሰል የሚሮጥ ወገኔን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ መኪናው እግር ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

«ይሄን ሁሉ ይችላል ወይ?»

ለአሥራ አራት ዓመት ታክሲ ከነዳሁ በኋላ «እስቲ የራሴን ሥራ ልሞክር» ብዬ እ.ኤ.አ. የ1994 ሥሪት የሆነ፣ እዚህ አሜሪካ «ሦስት አራተኛ ቶን» የሚሉትን ዓይነት ፒካፕ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ማንነት ይቅር። ሞተሩ አንዴ ቁልፍ ሲዞር ይነሣል፤ ቀለሙ ታድሷል። ከሁሉ በላይ ልቤን የወሰደው ግን እግሩ ነው። የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ ጥርሱ ያልተነካ ወፍራም ጎማ! «ጎማውና ቸርኬው ብቻ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ያወጣል» አለኝ ሻጩ። እኔም አመንኩት። ዓይን ያየውን ልብ ለማመን ይቸኩላል።

በዚያ ነሐሴ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ አትላንታ የጤፍ ዱቄት የማድረስ ሥራ አገኘሁ። ሃምሳ ከረጢት ነው፤ እያንዳንዱ 50 ፓውንድ። ድምሩ 2,500 ፓውንድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ11 ኩንታል ትንሽ ከፍ ይላል። አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ በስልክ «አደራህን ወንድሜ፣ ሌላ ልጅ የለኝም» ያለችኝ ልጅ ነው።

ስንጭን ልጁ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቆሞ አየና «አጎቴ፣ ይሄን ሁሉ ይችላል ወይ? ጎማው እኮ ተለጠጠ» አለኝ። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? «እኔ አሰብ መንገድ ረዳት ሆኜ ስሠራ አንተ አልተወለድክም። ስለ መኪና ታስተምረኛለህ?» አልኩት። ዝም አለ።

ፒተርስበርግ ላይ ከ95 ቁጥር ሀይዌይ ወጥተን 85ን ይዘን ወደ ደቡብ ጥቂት እንደተጓዝን፣ ከቀትር በኋላ ፀሐዩ አስፋልቱን ሲያቀልጠው፣ ከኋላ በቀኝ በኩል እንደ መድፍ ያለ ድምፅ ሰማሁ። የመኪናዋ ጅራት ወደ ቀኝ ተጎተተ፤ ወዲያው ወደ ግራ ተወረወረ። በግራችን ልጆች የተጫኑባት የቤተሰብ መኪና ነበረች። አንዲት ትንሽ ልጅ በመስኮት ስታየኝ አየኋት። ፍሬን አልረገጥኩም። መሪዬን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ነዳጁን ቀስ ብዬ ለቅቄ፣ መኪናዋ በራሷ ጊዜ እስክትዳከም ጠበቅኩ። ከዚያ ወደ ዳር ወጣሁ። የዚያች ቤተሰብ መኪናና የእኔ መካከል የነበረው ርቀት ከአንድ ክንድ አይበልጥም ነበር።

አራት ከረጢት ወድቆ ተቀድዶ ነጩ ጤፍ በሀይዌዩ ዳር ተነሰነሰ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን ለመልቀም እንኳ አልታደልኩም። የእህቴ ልጅ ከመኪናው ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። «ነግሬህ ነበር» ቢለኝ በተሻለኝ። አንዲት ቃል አልተናገረም።

አንዲት ፊደል

የፈነዳውን ጎማ አልጣልኩትም። ወደ አሌክሳንድሪያ ስመለስ ናዝሬት ላይ ለሠላሳ ዓመት ጎሚስታ የነበሩ፣ አሁን በአንድ ወገናችን ጋራዥ ለሚሠሩ ሽማግሌ ወስጄ አሳየኋቸው። ሁላችንም የምንጠራቸው «ጋሼ» ብለን ነው። እሳቸው የተቀደደውን ቦታ እንኳ አላዩም። ጎማውን አጋድመው ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጨርቅ ጠረጉና፣

«ይቺን አንብብልኝ» አሉኝ።

«ፒ፣ 265፣ 75፣ አር፣ 16» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ያልካት ማናት?»

«ፒ።»

«ልትገድልህ የነበረችው እሷ ናት» አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የጎማ ቁጥር ማለት ለእኔ ስፋትና ቁመት ብቻ ነበር። ለካ ከቁጥሩ በፊት ያለችው ፊደል ጎማው ለማን እንደተሠራ ትናገራለች። «ፒ» ማለት ለቤት መኪና፣ ለሰው ማመላለሻ የተሠራ ነው። «ኤል ቲ» ከሆነ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ነው። ሁለቱ በቁመትም በወርድም እኩል ሊሆኑ፣ በአንድ ቸርኬ ላይ ሊገጠሙ ይችላሉ። ውስጣቸው ግን የተለያየ ነው።

ቀጥሎ ጋሼ ጣታቸውን አነስ ወዳለው ጽሑፍ ወሰዱት። 114 ይላል። ይህ የጎማው የመሸከም መለያ ቁጥር ነው። ራሱ ፓውንድም ኪሎም አይደለም፤ በዓለም ሁሉ አንድ በሆነ ሠንጠረዥ የሚነበብ ነው። 100 ማለት 800 ኪሎ፣ 114 ማለት 1,180 ኪሎ፣ 120 ማለት 1,400 ኪሎ ነው። የእኔ 114 በፓውንድ 2,601 ይሆናል። ይኸው ቁጥር በግልጽ «ትልቁ ጭነት» ተብሎም ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

«እንግዲያው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች 5,200 ፓውንድ ይችላሉ ማለት ነዋ!» አልኩ በኩራት።

«ቆይ» አሉኝ ጋሼ። እዚህ ላይ ነው አብዛኞቻችን የማናውቀው ነገር ያለው። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት የቤት መኪና ጎማ በጭነት መኪና ላይ ሲገጠም የመሸከም ልኩ በ1.10 ይካፈላል። ጭነት መኪና ይንገጫገጫል፤ ከፍታ አለው፤ ጎማውን ይበልጥ ያሠቃየዋል። ስለዚህ የእኔ 2,601 ወደ 2,365 ገደማ ይወርዳል። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በድምር 4,730 ያህል ብቻ ነበር የሚችሉት ማለት ነው።

የበሩ ወረቀት

ጋሼ ከዚያ የሹፌሩን በር ከፈቱ። በሩ ሲዘጋ የሚያርፍበት ምሰሶ ላይ አንድ የደበዘዘ ወረቀት ተለጥፏል። ስንት ወር ስወጣ ስገባ በትከሻዬ የምፈትገው ወረቀት ነው! አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር አለ። አንደኛው የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ጣሪያ ነው፤ መኪናው ራሱ፣ ሰው፣ ነዳጅና ጭነት ተደምሮ ማለት ነው። የእኔ 8,600 ፓውንድ ይላል። ሁለተኛው የፊትና የኋላ አክስል እያንዳንዳቸው የሚሸከሙት ልክ ነው። ሦስተኛው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው የጎማ ቁጥር፣ የቸርኬ ልክና የነፋስ መጠን ነው።

ለኋላ አክስሌ የተጻፈው 6,084 ፓውንድ ነው። «ይቺ 84 ከየት መጣች? ለምን ደፍነው 6,000 አላሉም?» አልኩ። ጋሼ ሳቁና «ጎማውን እየው» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው የፋብሪካው ጎማ ኤል ቲ 235/85 አር 16፣ መደቡ «ኢ» የሆነ ነው። ይህ ጎማ በ80 ፒ.ኤስ.አይ. ነፋስ የሚችለው 3,042 ፓውንድ ነው። ሁለት ጊዜ 3,042 ስንት ነው? 6,084!

እኔ በዕድሜዬ ሙሉ «ጭነት የሚችለው ብረቱ ነው፣ ባሌስትራው ነው» እያልኩ ነው የኖርኩት። የእኔን መኪና የኋላ ልክ የወሰነው ግን ጎማው ነበር። የቀድሞው ባለቤት ያንን ጎማ አውልቆ ለዓይን የሚያምር የቤት መኪና ጎማ ሲያደርግ፣ ከመኪናው አቅም ላይ ከ1,300 ፓውንድ በላይ አብሮ አውልቋል። ወረቀቱ ግን እንዳለ 6,084 ይላል። የበሩ ወረቀት የሚናገረው መኪናው በተወለደ ጊዜ የነበረውን ነው። ከዚያ ወዲህ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማን ምን እንደቀየረ አያውቅም።

ስለ መደቡ ፊደል አንድ ቃል ልጨምር። በእነዚህ ቀላል ጭነት ጎማዎች ላይ «ሲ» ማለት ባለ 6 ፕላይ፣ «ዲ» ባለ 8፣ «ኢ» ባለ 10 ፕላይ ጥንካሬ ማለት ነው። በአብዛኛው ልካቸውን የሚይዙት በ50፣ በ65 እና በ80 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ዛሬ ጎማው ውስጥ በእርግጥ አሥር ሽፋን አለ ማለት አይደለም፤ ከድሮው የጥጥ ክር ዘመን የቀረ አጠራር ነው።

የቸርኬው ጀርባ

አንባብያን፣ ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ እኔም ትንሽ በኮራሁ ነበር። በሳምንቱ ገንዘቤን አጠራቅሜ አራት አዲስ ጎማ ገዛሁ። ኤል ቲ 265/75 አር 16፣ መደቡ «ኢ»፣ እያንዳንዱ 3,415 ፓውንድ በ80 ፒ.ኤስ.አይ.። ሁለቱ የኋላዎቹ 6,830! ከአክስሉም በለጥኩ። በዚያው በሚያብረቀርቀው ቸርኬ ላይ አስገጥሜ፣ ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሼ ምንም ሳይሉ ክሪክ አስገቡ፣ አንዱን የኋላ ጎማ አወለቁ፣ ፊቱን ወደ መሬት ገለበጡት። በቸርኬው ጀርባ፣ ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ሲፍቁት፣ አብሮ የተቀለጠ ጽሑፍ ብቅ አለ። «ትልቁ ጭነት 2,400 ፓውንድ» ይላል።

«አሁን ሂሳቡን አንተው ሥራልኝ» አሉኝ። «ጎማህ 6,830 ይላል። አክስልህ 6,084 ይላል። ቸርኬህ ሁለት ጊዜ 2,400፣ 4,800 ይላል። መኪናህ ስንት ትችላለች?»

መልሱ አፌ ላይ ተናነቀኝ። 4,800 ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ከፈነዳው ጎማ የተሻልኩት በሰባ ፓውንድ ብቻ ነበር! እንዲያውም ጋሼ እንዳሉኝ ይህኛው ይብሳል። የቤት መኪና ጎማ ሲጨነቅ ይለጠጣል፤ የእህቴ ልጅ እንኳ አይቶት ነበር። ጠንካራው ጎማ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቸርኬው ውስጥ ለውስጥ ሲሰነጠቅ ምልክት አይሰጥም።

ስለ አሮጌ መኪና ከባዱ ነገር ይህ ነው። ጎማ ላይ የመሸከም ልክ መጻፉ ግዴታ ስለሆነ ሁልጊዜ ይገኛል። ቸርኬ ላይ ግን ላይኖር ይችላል። ከፋብሪካ ውጭ የሚሸጡ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ብዙውን ጊዜ ከኋላቸው ይጽፉታል። የድሮ የብረት ቸርኬ ግን ስፋቱና ቁመቱ ብቻ ተመትቶበት ልኩ ላይጻፍ ይችላል። ያን ጊዜ መላው ምንድነው? መኪናው ሲሠራ የነበረውን፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ቸርኬ ማግኘት ነው። እኔ የወዳደቁ መኪኖች ከሚሸጡበት ግቢ ሄጄ የእኔው ዓይነት መኪና ፈለግኩ። መጀመሪያ የዚያችን መኪና የበር ወረቀት አነበብኩ፤ የኋላ አክስሏ 6,084፣ ቸርኬዋ 16 በ7 ኢንች ይላል። ከእኔ ጋር አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ነው አራቱን የብረት ቸርኬዎች የፈታሁት። አዲሶቹ ጎማዎቼ በ7 ኢንች ስፋት ላይ መገጠም ስለሚችሉ አልከሰርኩም። ጋሼ እያንዳንዱን የብሎን ቀዳዳ አዩ፤ ተበልቶ ሞላላ የሆነ፣ ዙሪያው የተሰነጠቀ፣ ዝገት የበላው ካለ ለጭነት አይሆንም አሉኝ። ብሎኑም ለቸርኬው የሚስማማ መሆን አለበት፤ የአሉሚኒየሙ ለብረቱ ላይሆን ይችላል። ከ50 እስከ 100 ማይል ያህል ከተነዳ በኋላም እንደገና በልኩ ይጠበቃል።

ድሮ የአሜሪካ ጭነት መኪኖች የነበራቸው 16.5 ኢንች የሚባል ቸርኬም አለ። 16 ኢንች ጎማ በላዩ ላይ ሊገባ ይችላል፤ ግን ጠርዙ በቦታው አይቀመጥም። ነፋስ ሲሞላ የጎማው የጠርዝ ሽቦ ይበጠስና ይፈነዳል። በዚህ ሰው ሞቷል። እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ያላችሁ ያቺን ግማሽ ኢንች እንዳትንቋት።

የአሰብ መንገድ ትምህርት

«አሰብ መንገድ ረዳት ነበርኩ» ብዬ በልጁ ላይ መኩራራቴን አልረሳችሁም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤን ትሬ ፊያት ላይ ሠርቻለሁ። ታኮ እየያዝኩ ከተሳቢው ኋላ ሮጬአለሁ። ሎጊያ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ፣ ሁሉንም በጎማው ድምፅ ነው የማስታውሰው። ጎማ ሲፈነዳ ፍሬን እንዳልረግጥ ያስተማሩኝም ያኔ ሹፌሬ ናቸው፤ በዚያ ቀን በ85 ላይ ያተረፈን ያ ትምህርት ነው።

ሌላም ነገር አስተምረውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የረሳሁት። ሹፌሬ በቆምን ቁጥር ጎማውን ሁሉ በዱላ እንድመታ ያዙኝ ነበር። ድምፁ ጥንካሬ ካለው ደህና ነው፤ እንደ ቆላ ከበሮ ዱብ ካለ ተንፍሷል። በተለይ ጥንዶቹን የኋላ ጎማዎች። ጥንድ ጎማ ላይ አንዱ ቢተነፍስ ከውጭ አይታይም፤ ባልንጀራው የሁለቱንም ሸክም ብቻውን ይዞ ይሄዳል፣ ይግላል፣ ከዚያ ሁለቱም ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ጎማው ጎን ላይ ሁለት ልክ የሚጻፈው። ያ 3,042 የሚለው ጎማ በጥንድ ሲሠራ 2,778 ብቻ ነው። ባለ ጥንድ ጎማ መኪና ያላችሁ ሁለተኛውን ቁጥር አንብቡ። ዱላው ጨርሶ የተነፈሰውን ይለያል እንጂ 80ን ከ55 አይለይም። ለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል።

ያኔ ጎማ ስንቀይር ሌላም የምንፈራው ነገር ነበር፤ ባለ ቀለበቱ ቸርኬ። ነፋስ ሲሞላ ቀለበቱ ከተስፈነጠረ አንገት ይቆርጣል። እዚህም የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለ ቸርኬ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ነፋስ እንዲሞላ አዟል። አሮጌ ከባድ መኪና ገዝታችሁ ባለ ቀለበት ቸርኬ ካገኛችሁ በቤታችሁ ግቢ አትንኩት። ሥራውን ለሚያውቅ ስጡ።

ነፋስ፣ ሙቀትና ዕድሜ

ጎማ ላይ የተጻፈው ልክ የሚሠራው ነፋሱ ሲሞላ ብቻ ነው። ያው 3,042 የሚችለው ጎማ በ50 ፒ.ኤስ.አይ. ወደ 2,200 ገደማ ይወርዳል። ጎማ የሚሸከመው በነፋሱ ነውና። ነፋሱ ሲያንስ ጎማው ይተጣጠፋል፤ ሲተጣጠፍ ይግላል፤ ሲግል ሽፋኑ ከሽፋኑ ይላቀቃል።

ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይነዳ በቀዝቃዛው ነው። ሲሄድ ግለትና ግፊቱ ይጨምራል፤ ይህ ያለ ነው። ብዙዎቻችን ግን መንገድ ላይ ለክተን «በዛ» ብለን እናስተነፍሰዋለን። ትልቅ ስህተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል።

ቀጥሎ ዕድሜ ነው። የጎማው ጎን ላይ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ቁጥር አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 3112 ቢል እ.ኤ.አ. በ2012 ሠላሳ አንደኛው ሳምንት ማለት ነው። አራት ሳይሆን ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ቢያምርም ወደ ቆሻሻ። የእኔ የፈነዳው ጎማ፣ ያ «ጥርሱ ያልተነካው»፣ ሲነበብ የአሥራ አንድ ዓመት ጎማ ሆኖ ተገኘ። አንዳንድ የመኪናና የጎማ ፋብሪካዎች ጥርሱ ባያልቅም ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራሉ።

ይህ ቀልድ እንዳልሆነ አሜሪካም በብዙ ደም ነው የተማረችው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ እንዲመለሱ አደረገ፤ ብዙዎቹ በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ። ሽፋናቸው እየተላቀቀ መኪኖች ሲገለበጡ በአሜሪካ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር በወጣው ሕግ መነሻነት ነው ዛሬ ነፋስ ሲቀንስ ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው መብራት በአዳዲስ ቀላል መኪኖች ሁሉ ላይ ከ2007 መስከረም ጀምሮ ግዴታ የሆነችው። የእኔዋ የ1994 መኪና ግን ያቺ መብራት የላትም። መብራቷ እኛው ነን።

ሚዛን ላይ መውጣት

በመጨረሻ ጋሼ «ሂድና ተመዘን» አሉኝ። ከባድ መኪኖች በሚያርፉባቸው ቦታዎች በጥቂት ዶላር የሚመዘኑበት ሚዛን አለ፤ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ ጽፎ ይሰጣል። በአዲሱ ጎማና በብረቱ ቸርኬ፣ እንደዚያ ቀን ሃምሳ ከረጢት ጭነን፣ እኔና የእህቴ ልጅ ተቀምጠን ወጣን። ፊት 3,480፣ ኋላ 5,020፣ ድምር 8,500 ፓውንድ።

ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የመኪናዬ ጠቅላላ ጣሪያ 8,600 ነው። እንግዲህ በዚያን ቀን በጠቅላላው ክብደት አላለፍኩም ነበር! ፖሊስ ቢያስቆመኝና ድምሩን ቢያይ ደህና ነው ባለኝ። የኋላው 5,020 ግን ከፈነዱት ጎማዎች 4,730 ይበልጣል፤ ከሚያብረቀርቀው ቸርኬ 4,800ም ይበልጣል። ከፋብሪካው 6,084 ደግሞ በብዙ ያንሳል። ጭነቱ አልበዛም ነበር፤ መኪናዋ ናት ሳላውቅ ያነሰችው። በዚያ ላይ ስኮርታ ጎማውን በግራ በኩል አስተኝቼ ከረጢቱን ወደ ቀኝ ስለከመርኩት ሸክሙ እኩል አልተከፈለም። የፈነዳው ቀኙ ነው።

ከመጫናችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ አሮጌ ጭነት መኪና ከገዛችሁ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከእኔ ስህተት በነፃ ውሰዱ።

የሹፌሩን በር ከፍታችሁ ወረቀቱን አንብቡ፤ ጠቅላላውን፣ የፊቱንና የኋላውን ልክ፣ የጎማውንና የቸርኬውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ።

ወደ ጎማው ሄዳችሁ ፊደሉን እዩ። «ፒ» ከሆነ ልኩን በ1.10 አካፍሉ። ጥንድ ከሆነ የጥንዱን ቁጥር ውሰዱ። የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት አንብቡ፤ ስኮርታውንም ጭምር።

ቸርኬው ወረቀቱ ላይ ካለው የተለየ ከሆነ አስወልቃችሁ ጀርባውን አንብቡ። ምንም ካልተጻፈበትና ማንነቱ ካልታወቀ ጭነት አትጫኑበት።

ከሦስቱ፣ ከጎማው፣ ከቸርኬውና ከአክስሉ፣ ትንሹን ቁጥር ያዙ። የመኪናችሁ አቅም እሱ ነው። ከዚያ ጭናችሁ ተመዘኑ።

ለንግድ የምትሠሩ ደግሞ የጥርሱን ነገር አትርሱ፤ የፌዴራሉ ደንብ ለንግድ ጭነት መኪና የፊት ጎማ ቢያንስ 4/32 ኢንች፣ ለሌሎቹ 2/32 ኢንች ጥርስ ይጠይቃል። ከተጻፈበት ልክ በላይ የተጫነ ጎማ ይዞ መንዳትም ራሱ ጥፋት ነው።

ያንን የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ሸጥኩት። ገዢው ለቤት መኪና ዓይነት አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ስለነበር ጀርባውን ገልብጬ 2,400ን አሳይቼ ነው የሸጥኩለት። እኔ ሳይነገረኝ የቀረውን ለሌላው ሳልናገር ብቀር የዚያች በመስኮት ያየችኝ ልጅ ዓይን አያስተኛኝም ነበር።

የእህቴ ልጅ ዛሬም አብሮኝ ይሠራል። ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ በመለኪያው ስድስት ቦታ ይለካል፤ አራቱን ጎማ፣ ስኮርታውን፣ አንዱን ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ «መለኪያው እንዳይዋሽ» ብሎ። ባለፈው አንድ ደንበኛ «ስድስት ከረጢት ብትጨምርልኝስ?» ብሎ ሲለምነኝ እኔ ልሸነፍ ስል፣ ልጁ በሩን ከፈተና በጣቱ ወደ ወረቀቱ አመለከተ። ጠቅላላው ጣሪያ 8,600፤ እኛ 8,500 ላይ ነን። ሁለት ከረጢት ብቻ ጨመርን።

«አደራህን» ላለችኝ እህቴ እስካሁን የዚያን ቀን ነገር አልነገርኳትም። ይህን ጋዜጣ ካገኘችው ያኔ ታውቀዋለች። ይቅር እንደምትለኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቸር ያሰማን። መንገዳችሁ ሁሉ የሰላም ይሁን።